የወለቃ አንበሳ
በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ጎጆ የሚወጣ ሁሉ ምጣድና ጀበና ይገዛል። ሠሪዋ ግን በብዙው የሰሜን ኢትዮጵያ አገር ቡዳ ስትባል፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ስትባል ኖራለች። በምጣዷ እየጋገሩ እሷን መፍራት!

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ፣ ጅብ የሚሏት ሴት አንበሳ ትሠራ ነበር።

ወለቃ የኢትዮጵያ አይሁዶች የሆኑት የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሃይማኖታቸውን አንለውጥም ያሉት ርስት ስለተነፈጉ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡና ሸማ እየሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ አደሩ። ለዘመናት ከእጃቸው የወጣው እንስራ፣ ጋንና ድስት ነው። ትንንሾቹ ምስሎች የበዙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ጎንደርን የሚያይ የውጭ ሰው ሲበራከት ነው፤ ጋን ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር የለምና።

ከምስሎቹ ታዋቂው አንበሳው ነው፤ ብዙ ጊዜም የዳዊት ኮከብ ይኖርበታል። አንበሳ የይሁዳ ነገድ ምልክት ነው። ነገሥታቱም የይሁዳ አንበሳ ነን ይሉ ስለነበር፣ ርስት የተነፈገችው ሴትና ርስት የነፈጋት ዙፋን የሚኮሩት በአንድ አውሬ ነበር። ከጎኑ ወፎች፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ አንድ አልጋ ላይ የተጋደሙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባም ይደረደራሉ።

አሠራሩ ከጀበናው ብዙም አይለይም። መንኮራኩር የለም፤ አፈሩ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ተቦክቶ በእጅ ይቀረጻል። ጎፈሩ በእንጨት ጫፍ ይጫራል፣ ገላው በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከገባ በውስጡ የቀረው እርጥበት ያፈነዳዋል። ጥቁረቱ ቀለም አይደለም፤ ጭስ ነው።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የነባሩ የፓመንኪ ሕዝብ ሴቶችም በወንዛቸው ዳር አፈር ለዘመናት ማሰሮ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 ግዛቲቱ የሸክላ ትምህርት ቤት ስትከፍትላቸው ለጎብኚ ገበያ ቀለም መቀባት፣ በእንስሳትና በሰው ምልክቶች ታሪክ መሳል ጀመሩ። እዚያ ትምህርት ቤቱ ያመጣውን ለውጥ ወለቃ ላይ ገዢው ራሱ አመጣው።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ወለቃም ባለቤቶቿን አጣች። ዛሬ በመንገዱ ዳር ምስሎቹን የሚሠሩትና የሚሸጡት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ገዢ የሚፈልገው እሱን ነውና የዳዊትን ኮከብ አልተዉትም።