ሰፈር ድምፅ ይሰጣልን?

ስለ ጋዞች ባሕርይ በምናስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቻችን ዘወትር የምናቀርባት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «የአንድ ሞለኪዩል መጠነ ሙቀት ስንት ነው?» የምትል። ብዙዎቹ ቁጥር ለመፈለግ ይጣደፋሉ። ትክክለኛው መልስ ግን «ጥያቄው ትርጉም የለውም» የሚል ነው። አንድ ሞለኪዩል ፍጥነት እንጂ መጠነ ሙቀት የለውም። መጠነ ሙቀት የብዙኃኑ ጠባይ ነው። በሞቀ ጋዝ ውስጥ ዝግ ብለው የሚጓዙ ሞለኪዩሎች አሉ፤ በቀዘቀዘውም ውስጥ የሚከንፉ አይጠፉም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ምርጫ በመጣ ቁጥር «ይህ ሰፈር የእነ እገሌ ነው» ሲባል እንሰማለን። ከዚህ አነጋገር ሁለት ጉዳት ይወለዳል። አንደኛው፣ በሰፈሩ የሚኖር ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ በአንድ ስም ይፈረጃል። ሁለተኛው፣ ከአካባቢው የተለየ ሐሳብ ያለው ወጣት «የእኔ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» ብሎ ከቤቱ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ አነጋገሩን በቁጥር ሚዛን እንመዝነዋለን።

ከድምሩ ወደ ግለሰቡ

እ.ኤ.አ. በ1950 ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ። የ1930ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ወስዶ በውጭ አገር መወለድና ማንበብ አለመቻል ምን ያህል እንደሚዛመዱ አሰላ። ስሌቱ በግለሰቦች ላይ ሲሠራ ተዛምዶው 0.12 ያህል ሆነ፤ ይኸውም በውጭ የተወለዱት በጥቂቱም ቢሆን ማንበብ የማይችሉ የመሆናቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር ማለት ነው። ግዛቶችን እንደ አንድ አሐድ ቆጥሮ ሲያሰላ ግን ውጤቱ ተገለበጠና ከዜሮ በታች 0.53 ያህል ሆነ። የውጭ ተወላጆች በበዙበት ግዛት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች አነስተኛ ሆነው ተገኙ! ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ መጤዎቹ የሰፈሩት ነባሩ ሕዝብ የተሻለ ትምህርት ባለበት ግዛት ነበር። እንግዲህ የአካባቢን ድምር አይቶ ስለ ነዋሪው መፍረድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አንዳንዴም የእውነቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

ድምፅና መቀመጫ

የአገራችንን ሁኔታ እንመልከት። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአዲስ አበባን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ያሸነፉት ተቃዋሚዎች ነበሩ። በግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ ከነዚሁ 23 መቀመጫዎች 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ፤ አንዱ ለመድረክ ቀረ። ታዲያ ከተማው በአምስት ዓመት ውስጥ ልቡን ፈጽሞ ገለበጠ ልንል ነውን?

አንልም። በመጀመሪያ ደረጃ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ ከ1997ቱ ውዝግብ በኋላ የቅንጅት መሪዎች ታስረዋል፣ ድርጅቱም ተከፋፍሏል። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም በ2002ቱ ምርጫ የውድድሩ ሜዳ ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ ገልጸዋል። በሁለተኛ ደረጃ የቆጠራው ደንብ ራሱ አለ። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው መቀመጫውን ይወስዳል። በመቶ 51 ያገኘም በመቶ 90 ያገኘም የሚወስደው ያንኑ አንድ መቀመጫ ነው። መቀመጫ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ጣታችን ምን ያህል እንደ ተጫነው አይነግረንም።

ማን ወጣ? ማን ቀረ?

እስቲ ለምሳሌ ያህል 1,000 የተመዘገቡ መራጮች ያሉበትን ሰፈር እናስብ። 550ዎቹ ፓርቲ «ሀ»ን፣ 450ዎቹ ፓርቲ «ለ»ን ይደግፋሉ። በምርጫው ዕለት ከ«ሀ» ደጋፊዎች በመቶ 60፣ ከ«ለ» ደጋፊዎች በመቶ 80 ቢወጡ፣ «ሀ» 330፣ «ለ» 360 ድምፅ ያገኛሉ። አንድም ሰው ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ አናሳው ወገን በ30 ድምፅ አሸነፈ። በማግሥቱም «ይህ ሰፈር የ‹ለ› ነው» መባሉ አይቀርም። ከቤት ከቀሩት 220 የ«ሀ» ደጋፊዎች 31 ብቻ ቢወጡ ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር። 31 ሰው ማለት በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ቁጥር ነው።

በር ማንኳኳት

ሰውን ከቤቱ የሚያወጣው ምንድን ነው? ይህን በሙከራ ማጥናት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ 30,000 ያህል የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለከፊሎቹ ደብዳቤ ተላከ፤ የከፊሎቹ በር ተንኳኳ፤ ከፊሎቹ ምንም አልተደረገላቸውም። መልእክቱ «ምረጡ» የሚል እንጂ እገሌን ምረጡ የሚል አልነበረም። ደብዳቤው ያመጣው ለውጥ ጥቂት ሲሆን ፊት ለፊት መነጋገር ግን የመራጩን ቁጥር በግልጽ ከፍ አደረገው።

ዴቪድ ኒከርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ከተሞች ሁለት መራጮች ያሉባቸውን ቤቶች መረጠ። በር የከፈተው ሰው በዕጣ ወይ ስለ ድምፅ መስጠት፣ ወይ ቆሻሻን መልሶ ስለ መጠቀም መልእክት ይሰማል። በዚህ ዘዴ የሚነጻጸሩት በሁለቱም ወገን በር የከፈቱ ሰዎች ስለሆኑ ሚዛኑ አይዛባም። በውጤቱም፣ በር የከፈተው ሰው ካደረበት የመምረጥ ግፊት በመቶ 60 ያህሉ ምንም ወዳልሰማው የቤቱ አባል ተላልፎ ተገኘ። በጋለ ብረት ውስጥ ሙቀት ከአተም ወደ አተም እንደሚተላለፍ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩ ሰዎች መካከልም የሚተላለፍ ነገር አለ። ልዩነቱ አተም እምቢ ማለት የማይችል መሆኑ ነው።

እንግዲህ «የእኔ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» ለሚል ተማሪ መልሳችን ሁለት ነው። በተቀራረበ ውድድር 31 ሰዎች ሚዛኑን ያዞሩታል፤ አንድ ሰው ሲወጣም ብቻውን ላይወጣ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በሚስጥር እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለሆነም የምርጫ ጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ውጤት ድምሩን ይነግረናል እንጂ በጎረቤታችን ልብ ውስጥ ያለውን አይነግረንም። ለወደፊቱ «ይህ ሰፈር የእነ እገሌ ነው» የሚል ሲገጥማችሁ፣ ውድ አንባብያን፣ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት፦ ስንት ሰው ተመዘገበ? ስንቱ ወጣ? ልዩነቱስ ስንት ነበር? ይህን ሳይመልስ ስለ ሰፈሩ የሚናገር ሰው የአንዲትን ሞለኪዩል መጠነ ሙቀት ሊነግራችሁ የተነሣ ነው።