አሮጌዋን ሙሽራ መጠገን፦ የጨርቅ አሻንጉሊቶች በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ

በሱዳን ዐረብኛ አሻንጉሊት የምትጠራበት የተለመደ ስም «ዐሩሳ» ሲሆን፣ ትርጉሙም ሙሽራ ማለት ነው፤ ሴት ልጆች ከእንጨት፣ ከጭቃና ከእራፊ ጨርቅ በገዛ እጃቸው የሚሠሯቸው አሻንጉሊቶች ደግሞ «ባናት ኡም ለዓብ» ይባላሉ። «ዐሩሳ» የሚለው ስም አሮጌ የጨርቅ አሻንጉሊት ለመጠገን ለሚነሣ ሰው ቀላል የማይባል ፍንጭ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ሙሽራ ሙሽራ የምትሆነው በሰውነቷ ሳይሆን በለበሰችው፣ በተሠራው ጠጉሯና በተደረገላት ጌጥ ስለሆነ፣ የአሻንጉሊቷን አካል አድኖ ልብሷንና ጌጧን በአዲስ የለወጠ ጠጋኝ ዋናውን ነገር ጥሎ ቅርፊቱን እንዳቆየ ይቆጠራል።

አሠራሯ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት እንጨት ወይም የማሽላ አገዳ በመስቀል ቅርጽ ይታሰርና በእራፊ ይጠቀለላል፤ ወይም አቡጀዲ ወይም ደሙሪያ የሚባለው በእጅ የተሸመነ የሱዳን የጥጥ ጨርቅ እንደ ትንሽ ከረጢት ተሰፍቶ በጥጥ ወይም በብጥስጣሽ ጨርቅ ይሞላል፤ ፊቷ በቀለም፣ በኩል ወይም በክር ይሳላል። አሠራሩ በናይል ሸለቆ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ በግብፅ በጥንታዊቷ ኦክሲሪንኩስ፣ በዛሬዋ በህነሳ፣ የተገኘችና በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የምትገኝ አንዲት የሮማውያን ዘመን አሻንጉሊት ከሻካራ የተልባ እግር ጨርቅ ተሰፍታ በእራፊና በፓፒረስ ቁርጥራጭ የተሞላች ስትሆን፣ ዕድሜዋም ከ1ኛው እስከ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። ጨርቁን ያቆየው የበረሃው ደረቅ አሸዋ እንጂ የሰው ጥንቃቄ እንዳልነበረ ግን መታወቅ አለበት፤ ልጅ የተጫወተባት አሻንጉሊት አብዛኛውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ በላይ አትዘልቅም።

ሐጅ ዩሱፍ ከብሉ ናይል በስተ ምሥራቅ፣ ሸርቅ ኒል በሚባለው የካርቱም ክፍል የሚገኝ ሰፊ የመኖሪያ መንደር ሲሆን፣ በተለይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኮርዶፋንና ከዳርፉር ድርቅ፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ሰፍረውበት ተስፋፍቷል፤ ከነሱም ጋር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዓመታት ኖረውበታል። እንዲህ ባለ መንደር በአንድ ግቢ የምትገኝ አሻንጉሊት ቶብ፣ ማለትም የሱዳን ሴት ሰውነቷን የምትጠቀልልበትን ረጅም ጨርቅ፣ ለብሳ ስትገኝ፣ በጎረቤቱ ያለችው ደግሞ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ልትለብስ ትችላለች። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የፈነዳው ጦርነት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሱዳናውያንን ከቤታቸው አፈናቀለ፤ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚሁ ጦርነት የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ስለተዘረፈ፣ በየጓዙ ተጠቅልሎ የወጣ የቤት ዕቃ ቀድሞ ያልነበረው ክብደት አገኘ፤ የአያት መርፌ ያረፈባት አሻንጉሊትም ከነዚህ አንዷ ናት።

ጥገናው የሚጀምረው በመርፌ ሳይሆን በዓይን ነው፤ ጠጋኙ ጉዳቱን ጉዳት ካልሆነው መለየት አለበትና። በሰሜን ሱዳን በቀድሞው ዘመን ሴቶችም ወንዶችም ጉንጫቸው ላይ «ሹሉኽ» የሚባል የጭረት ምልክት ይደረግላቸው ነበር፤ ልማዱ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን እየቀረ ስለሄደ፣ በአንዲት አሮጌ አሻንጉሊት ጉንጭ ላይ ጎን ለጎን የተሰፉ ሦስት ጥቁር መስመሮች ቢገኙ የዛሬ ወጣት የተተረተረ ጨርቅ የተያዘበት ስፌት ነው ብሎ ሊፈታቸው ይችላል። እንደዚሁም በኢትዮጵያዊት አሻንጉሊት አንገት ላይ የሚታይ ሰማያዊ ክር ንቅሳት ሊሆን ይችላል፤ በሱዳናዊቷ ራስ ላይ የታሰረች ቀይ ቁራጭ ደግሞ የጂርቲግ፣ ማለትም ቀይ ጨርቅ፣ ሐር፣ ዶቃና ሽቶ የሚገባበት የሙሽሮች ሥርዓት፣ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት አሻንጉሊቷ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ፎቶግራፍ ትነሣ፤ የሠራት ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም እናት ካለችም ትጠየቅ።

ቀጥሎ የሚመጣው አቧራ ነው። በካርቱም ከሩቅ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ የሚመጣው የአቧራ ማዕበል፣ «ሀቡብ»፣ የሚበትነው ደቃቅ አሸዋ በጨርቅ ድርና ማግ መካከል ይገባና ጨርቁ በታሸ ቁጥር ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አሮጌ አሻንጉሊትን ማራገፍም ሆነ በእጅ መምታት የማይገባው ለዚህ ነው፤ በዝቅተኛ ኃይል የሚሠራ፣ አፉ ላይ ቱል የሚባል ስስ መረብ ጨርቅ የታሰረበት አቧራ መሳቢያ ማሽን ካልተገኘ፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ አቧራውን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ለመጥረግ ይበቃል።

በዚህ ሥራ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በማጠብ ነው፤ ጥፋቱም ከስንፍና ሳይሆን ከፍቅር የሚመነጭ በመሆኑ ይበልጥ ያሳዝናል። በኩል የተሳለ ዓይን ውሃ ሲነካው ወደ ጉንጭ ይወርዳል፤ ቀይ ጨርቅ ቀለሙን ለነጩ ያወርሳል፤ ውስጥ የታጨቀው ጥጥም ውሃ ጠጥቶ ቶሎ ስለማይደርቅ ይሻግታል። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ፣ እርጥብ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በማይታይ ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ይታያል፤ ነጩ ጨርቅ ጥቂት እንኳ ቀለም ከያዘ ውሃ የሚባል ነገር አይነካትም። እድፍም ቢሆን ሁሉ ጠላት አይደለም፤ በልጅ እጅ የጠቆረ ክንድ የአሻንጉሊቷ ታሪክ አንድ ክፍል ስለሆነ፣ ጨርቁን የማይጎዳ እስከሆነ ድረስ ባለበት ቢተው ይሻላል።

አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚተረተረው ልጆች ይዘው የሚጎትቱት ክንድ ከትከሻ የሚጋጠምበት ስፌት ነው። ልምድ የሌለው ሰው ሁለቱን የተቀደዱ ጠርዞች ጨብጦ በወፍራም ናይለን ክር ያጠብቃቸዋል፤ በማግስቱ ክሩ ደህና ሆኖ ጨርቁ ከስፌቱ አጠገብ በአዲስ መስመር ይቀደዳል፤ ጠንካራ ክር ደካማ ጨርቅን እንደ ቢላዋ ስለሚቆርጥ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከቀዳዳው ትንሽ የምትሰፋ፣ ቀለሟ የተቀራረበ፣ ታጥባ መኮማተሯንና ቀለም መልቀቋን የጨረሰች ስስ የጥጥ እራፊ በወረንጦ ከውስጥ በኩል አስገብቶ መዘርጋት ነው። ከዚያም ቀጭን መርፌ አሮጌዎቹን ክሮች እየወጋ ሳይሆን በመካከላቸው እየገባ፣ ረጅም ክር በተጎዳው ቦታ ላይ ይጋደማል፤ የተጋደመው ክር በየጥቂቱ በትንንሽ ተሻጋሪ ስፌት እየተያዘ አሮጌውን ጨርቅ በአዲሱ እራፊ ላይ ያሳርፈዋል። ክሩ ከጨርቁ የደከመ መሆን አለበት፤ አንድ ቀን አንድ ነገር መበጠሱ ካልቀረ፣ የሚበጠሰው የጠጋኙ ክር ይሁን እንጂ የአያት ጨርቅ አይሁን። በዚህ መንገድ የተሠራ ጥገና ከክንድ ርቀት አይታይም፤ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን ተለይቶ ይታወቃል፤ ሲያስፈልግም አሻንጉሊቷን ሳይጎዳ ይፈታል።

ሙሌቱ፣ ማለትም በውስጥ የታጨቀው ጥጥ ወይም እራፊ፣ ብል ካልገባበት አይወጣም፤ የጎደለበት ብቻ በንጹሕ ጥጥ ይሞላል፤ በሙሌቱ ውስጥ ራሱ ዛሬ ገበያ የማይገኝ የጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ ሊሆን ስለሚችል አውጥቶ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። የዛገ መርፌ ቁልፍ ወይም ሚስማር ካለ ግን መውጣት አለበት፤ ዝገት ጥጥን ይበላልና። በሱዳን «ሱክሱክ» የሚባለው ጥቃቅን ዶቃ ሲበተን እንደ ቀድሞው ቅደም ተከተል በአዲስ ክር ይሰካል፤ በየጥቂቱም ክሩ ይቋጠራል፣ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም እንዳይፈስስ። የተነቀለ ጠጉር በስፌት ይመለሳል እንጂ በቶሎ በሚደርቀው የገበያ ሙጫ አይለጠፍም፤ ይህ ሙጫ ጨርቁን እንደ ጠጠር አድርቆ የማይላቀቅ ነጠብጣብ ይተውበታል።

ብል የገባባት አሻንጉሊት ከሌሎች ጨርቆች ተለይታ፣ በላስቲክ ታሽጋ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ብትቆይ እጩም እንቁላሉም ይሞታል፤ መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ ግን ቅዝቃዜው ስለሚቋረጥ ዘዴው ዋስትና አይሰጥም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ በብሩሽ መጥረግ፣ አሽጎ ማስቀመጥና በየሳምንቱ መፈተሽ ይመረጣል። ናፍታሊን ለሕፃን መርዝ ስለሆነ ልጅ ከሚነካው ዕቃ ጋር አይቀመጥም። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለምን ያጠፋል፤ አሻንጉሊቷን የታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ አጋድሞ፣ ብርሃን በማይገባበት ደረቅ ሣጥን ማስቀመጡ በቂ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ የተነሣው ክርና የወደቀው ቁራጭ ሁሉ በትንሽ ፖስታ ተደርጎ ከአሻንጉሊቷ ጋር ይቀመጥ፤ በፖስታው ላይም የሠራቻት ሴት ስም፣ የተሠራችበት መንደር፣ የተጠገነችበት ቀንና የጠጋኙ ስም ይጻፍ። ከሐጅ ዩሱፍ ወደ መተማ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ በጓዝ መካከል እንዲህ ያለች አሻንጉሊት ይዘው የተመለሱ ቤተሰቦች መርፌ ከማንሣታቸው በፊት የሠራቻትን ሴት ስም የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ሳለ ይጠይቁ፤ ጨርቁ ሊጠብቅ ይችላል፣ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን አይጠብቅም።