የልጅ ልጅን የማየት መብት የማን ነው?



ልጅ ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ጉዳቱ በባልና በሚስት ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ አያቶችንም ይነካል። ልጁን የቀበረ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ዓይን እንዳያይ የተከለከለ እንደ ሆነ፥ በኀዘኑ ላይ ሌላ ኀዘን ይጨመርበታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከዳኛ ፊት ቢቆም ምን ፍርድ ያገኛል? ይህን ለመረዳት የፈረንሳይንና የአሜሪካን ሕግ እንመልከት። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በፈረንሳይ አገር ነገሩ የቈየ ነው። የሰበር ፍርድ ቤቱ፥ አባት ያለ በቂ ምክንያት አያቶችን ከልጅ ልጆቻቸው ሊለይ እንደማይገባው የፈረደው በ1857 ዓ.ም. ነበር። በ1970 ዓ.ም. የወጣው ሕግም፥ አባትና እናት ከባድ ምክንያት ከሌላቸው በቀር ልጁ ከአያቶቹ ጋር እንዳይገናኝ መከልከል አይችሉም ሲል ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ግን የሕጉ ቃል ተለወጠ፤ ከአያቶች ጋር መገናኘት የልጁ የራሱ መብት ነው ተባለ። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ይህን መብት ሊያግድ የሚችለው የልጁ ጥቅም ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ወደ ችሎት በሚቀርብ ክርክር የሚመዘነው፥ የአያቱ ናፍቆት ሳይሆን የሕፃኑ ጥቅም ነው።

በአሜሪካ ደግሞ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የተነሣ ክርክር አለ። የሁለት ሴቶች ልጆች አባት በ1993 ዓ.ም. ሞተ። እናትየዋ የሟቹ ወላጆች ልጆቹን ጨርሰው እንዳያዩ አልከለከለችም፤ ጕብኝቱ ግን በወር አንድ ጊዜ፥ ያውም ለአጭር ሰዓት እንዲሆን ወሰነች። አያቶቹ ይህ አነሰን ብለው ከሰሱ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ እንዲህ ያለ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅድ ነበርና፥ የመጀመሪያው ዳኛ በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ፥ በየበጋውም አንድ ሳምንት ፈረደላቸው።

ነገሩ በይግባኝ እየወጣ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2000 ዓ.ም. ከዘጠኙ ዳኞች ስድስቱ ለእናትየዋ ፈረዱ። ከእነርሱ አራቱ የተስማሙበትን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር፥ ልጆቿን በሚገባ የምታሳድግ እናት ለልጆቿ የሚበጀውን ታስባለች ተብሎ መገመት እንዳለበት አስረዱ። ዳኛው የተሻለ መስሎ ስለ ታየው ብቻ የእርሷን ውሳኔ በራሱ ሐሳብ ሊተካው አይገባም። ይሁን እንጂ ፍርዱ የአያቶችን የጕብኝት ሕግ ሁሉ አልሻረም፤ ለወላጅ ውሳኔ ተገቢው ክብደት ይሰጠው አለ እንጂ።

እንግዲህ አንዱ አገር የልጁን መብት፥ ሌላው የወላጅን ውሳኔ አስቀደመ። በሁለቱም ዘንድ ግን የልጅ ልጅ እንደ ርስት ተከራክረው የሚያስመልሱት ንብረት አይደለም።

ስለዚህ እናንተ አያቶች፥ ከክስ በፊት ዕርቅን ሞክሩ፤ ከምራታችሁ ወይም ከአማቻችሁ ጋር ያላችሁን ቅሬታም በሕፃኑ ፊት አታንሡ። እናንተም ወላጆች፥ በእናንተ ጠብ ሕፃኑ አያቱን እንዳያጣ ተጠንቀቁ። ዳኛ የጕብኝቱን ቀንና ሰዓት ሊወስን ይችላል፤ በቤተ ዘመድ መካከል የገባውን ቂም ግን በፍርድ ወረቀት ሊያወጣው አይችልም።