ሁለት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተቀበሉት ተማሪ የቱን ይምረጥ?

ከጓደኞቻችን መካከል ጥቂቶቹ ከሁለት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመቀበያ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። አንዱ ምናልባት በመንግሥት ምደባ የተገኘ ነው፤ ሁለተኛው በመግቢያ ፈተና ወይም ከግል ኰሌጅ የመጣ ይሆናል። አንድ ደብዳቤ እንኳ ያጣው ብዙ ሆኖ ሳለ በሁለት መጨነቅ ቅንጦት ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ይህ ምርጫ ተማሪው ስድስት ዓመት ያህል የሚኖርበትን ከተማ፥ የሚማርበትን በሽተኛ፥ በመጨረሻም የሚወጣውን ዓይነት ሐኪም የሚወስን ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና፥ አንዱን መተው ግድ ነው። ስለዚህ በምን ሚዛን መዝኖ መምረጥ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምንጠይቀው «የትኛው ስመ ጥር ነው?» ብለን ነው። ስም ግን የተገኘው ትናንት በነበሩት መምህራንና ተማሪዎች ነው፤ ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ያለውን አይነግረንም። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ፥ ራሱ ሐኪም ሳይሆን፥ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ዘገባ አወጣ። ስለ ስማቸው አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ አምስት ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪ በምን ደረጃ ይገባል፥ መምህራኑ ስንት ናቸው ምንስ ተምረዋል፥ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፥ ላቦራቶሪው ምን ይመስላል፥ ትምህርት ቤቱስ ከሆስፒታል ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚል ነበር። ይህ ዘገባ ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። ይሁን እንጂ ጉዳትም ነበረው፤ በጊዜው ከነበሩት ሰባት የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ከዚያ በኋላ ተዘግተው ሃዋርድና መሃሪ ብቻ ቀሩ። እንግዲህ ከፍሌክስነር ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው ትምህርት ቤት በሚቈጠር ነገር መመዘን እንዳለበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ይህ ትምህርት ቤት የማንን ሕመም ለማከም ቆመ?» የሚለው ጥያቄ ከሚዛኑ መጕደል እንደሌለበት ነው።

አንደኛ፥ በሽተኛውን እንመልከት። ሕክምና ከመጽሐፍ ይጀመራል እንጂ በመጽሐፍ አያልቅም፤ የሚፈጸመው በአልጋ አጠገብ ነው። ስለሆነም የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ስንት አልጋ እንዳለው ብቻ ሳይሆን፥ አልጋው ለስንት ተማሪ እንደሚከፋፈል መጠየቅ ያሻል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሆስፒታል 600 አልጋና 300 ተማሪ ቢኖረው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 አልጋ ነው። ሌላው 200 አልጋና 50 ተማሪ ቢኖረው ግን 4 ይደርሳል። ትልቁ ሆስፒታል ከየክፍለ ሀገሩ የሚላክለት ከባድ ሕመም ስላለ ብዙ ያሳያል፤ ነገር ግን በተማሪውና በበሽተኛው መካከል ስፔሻላይዝ የሚያደርጉት ሐኪሞች ተሰልፈው ይቆማሉ። በትንሹ ሆስፒታል ተማሪው ቶሎ እጁን ያስገባል፤ ያዋልዳል፥ ቍስል ይሰፋል፤ ነገር ግን የሚያርመው ስፔሻሊስት ላይኖር ይችላል። እጅ ያለ አራሚ ቢለምድ ስሕተትንም አብሮ ይለምዳልና፥ ሁለቱ በአንድነት መመዘን አለባቸው።

ሁለተኛ፥ መምህራኑን እንመልከት። በውስጥ ደዌ፥ በቀዶ ሕክምና፥ በሕፃናትና በማሕፀን ሕክምና ክፍሎች መምህር ያለመኖሩ እምብዛም አያጋጥምም። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ተማሪው በማያስባቸው ስፍራዎች ነው፤ ይኸውም በአናቶሚ፥ በፓቶሎጂ፥ በራዲዮሎጂና በማደንዘዣ ነው። መምህሩ በትምህርት ቤቱ የሚኖር ነው ወይስ ከሌላ ከተማ መጥቶ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በሁለት ሳምንት አጣድፎ የሚሄድ? የአስከሬን መማሪያ ክፍል አለ ወይስ አናቶሚ በሥዕል ብቻ ይጠናል? ይህን ከመዝገብ ቤት ይልቅ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የደረሱት ተማሪዎች በግልጽ ይናገራሉ።

ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን ሐሳብ እንመርምር። በዚህ ረገድ ያገራችን ታሪክ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፥ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኰሌጅ ተቋቋመ። የጤና መኰንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠራተኛ በቡድን ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። በ1964 በአዲስ አበባ፥ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ደግሞ ትኵረቱ በሆስፒታል የሚሠራውን ሐኪም ማፍራት ሆነ። ጎንደር በ1978 በምሥራቅ ጀርመን የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የራሱን የሕክምና ፋኩልቲ አገኘ። በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፥ በ1999 ከግብርና ኰሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፥ ከመነሻው ተማሪውን ወደ ሕዝቡ መንደር ልኮ ማስተማርን መርሁ አደረገ። በ2007 ማስተማር የጀመረው የቅዱስ ጳውሎስ ኰሌጅ በበኩሉ አናቶሚን፥ ፊዚዮሎጂንና ሕመሙን ለየብቻ ከመስጠት ይልቅ አዋሕዶ የማስተማርን መንገድ ያዘ። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ሐኪም ያወጣሉ፤ ተማሪውን የሚያስለምዱት ዓይን ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ «ይህ ሰው ምን ታመመ?» ብሎ መጠየቅን ሲያስለምድ፥ ሌላው «ይህ መንደር ለምን ታመመ?» ማለትን ይጨምራል። ተማሪው በየትኛው ጥያቄ ልቡ እንደሚነሣ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

አራተኛ፥ የገንዘብን ነገር ሳናፍር እንናገር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይገባል፤ ዕዳውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። በግል ኰሌጅ ግን የሚከፍለው ዛሬ ነው፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ አባትና እናት ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ብቻ አስልቶ መግባት አደገኛ ነው፤ ክፍያው ሊጨምር ይችላል፥ ትምህርቱም ረጅም ነው። አራተኛ ዓመት ላይ ገንዘብ አልቆበት የሚወጣ ተማሪ ገንዘቡንም ዕድሜውንም ያጣል። ስለዚህ የቤት ኪራዩን፥ የምግቡን፥ የመጽሐፉንና የመጓጓዣውን ጨምሮ የሁሉንም ዓመታት ድምር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለቤተ ሰቡ ማሳየት የልጅነት ግዴታው ነው። ከታናናሾቹ አፍ የሚነጠቅ ገንዘብ ከሆነ፥ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ስሙ ከፍ ቢልም ዋጋው ከብዷል ማለት ነው።

አምስተኛ፥ የዕውቅናው ጉዳይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለኰሌጁ በጠቅላላ ሳይሆን ለሕክምናው ፕሮግራም፥ ለዚያውም ለዚያ ካምፓስ፥ ፈቃድ መስጠቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከምረቃ በኋላ የሙያ ፈቃድ ፈተና ስላለ፥ ቀደም ብለው የወጡት ተማሪዎች እንዴት እንዳለፉ መጠየቅም ተገቢ ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ልዩ ሙያ ለመማር የሚያስብም ትምህርት ቤቱ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ይመልከት።

ይህ ሁሉ ተመዝኖ ሁለቱ እኩል ቢሆኑስ? ያን ጊዜ ከቤተ ሰብ መቅረብ፥ የአየሩ ጠባይ፥ የጓደኛ መኖር ቢታሰብ ነውር የለውም። የሕክምና ትምህርት ከባድ ነው፤ በታመመ ወይም በከፋው ጊዜ የሚጠይቀው ሰው ያለው ተማሪ ይበረታል። ነገር ግን እነዚህ በመጨረሻ የሚመጡ ናቸው እንጂ ሚዛኑን የሚጀምሩ አይደሉም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልናሳስብ እንወዳለን። ሁለት ስፍራ የያዘ ተማሪ አንዱን የያዘው በሌላ ሰው ምትክ ነው። የማይሄድበትን ትምህርት ቤት በጊዜ «አልመጣም» ብሎ ካላስታወቀ፥ ወንበሩ ባዶውን ሊቀር ይችላል፤ አንድ በር ላይ የቆመ ጓደኛም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሐኪም በማይበቃበት አገር አንድ ባዶ ወንበር ማለት አንድ ያልተወለደ ሐኪም ማለት ነው። በመሆኑም መጠየቅ ያለበት ይጠየቅ፥ ይመዘን፥ ቍርጡ ይታወቅ፤ ሁለተኛው ደብዳቤም በዚያው ሳምንት ከምስጋና ጋር ይመለስ። ለሰው ማሰብ የሕክምና የመጀመሪያው ትምህርት ነውና፥ ከመግቢያው በር መጀመር ይቻላል።