የማርሽ መለወጫውን ከመጣል በፊት ሽቦውን መመርመር

በባሕር ዳር ዙሪያ ወደ ገበሬዎች መንደር በብስክሌት ለሚመላለስ የልማት ሠራተኛ፣ ዳገት ላይ አልለወጥ የሚል ማርሽ የቀን ሥራ ያስተጓጉላል። ብዙዎች ጥፋቱን በመለወጫው ላይ ጥለው አዲስ ለመግዛት ይቸኩላሉ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ሽቦውን ማየት ተገቢ ነው።

የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ፣ ፔዳሉ እየተሽከረከረ ማርሹ ይሞከር። መለወጫው «ቀጭ» እያለ ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ የኋላ ማርሽ ካልወጣ ሽቦው ላልቷል፤ ሽቦው ወደ ኋላ ካምቢዮ በሚገባበት ቦታ ያለውን መወጠሪያ፣ ከኋላ ሆኖ ሲታይ ወደ ግራ ሩብ ዙር እያዞሩ ማስተካከል ነው። ወጥቶ ለመውረድ ከዘገየ ደግሞ ሽቦው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ አለዚያም በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል፤ የዛገ ከሆነ ከነሽፋኑ ይለወጥ።

መለወጫው ድምፅ ሳያሰማ ባዶውን ከተመላለሰ ግን በውስጡ ግራሶ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ዝገት ማስለቀቂያ ነፍቶ ደጋግሞ መጫን፣ በመጨረሻም ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ያድነዋል።

ሽቦ ከመለወጫ እጅግ ይረክሳል። ክረምት ሳይገባ የታየ ሽቦ ሠራተኛውን ገበሬው ዘንድ በሰዓቱ ያደርሰዋል።