ስለ ጊኒ ፒግ አያያዝ፤ ለአሳዳጊውም ለነጋዴውም የሚጠቅም ምክር

በንግድ ዓለም ከሚዘዋወረው ሸቀጥ አብዛኛው ነፍስ የሌለው ነው። ጨርቅ በመደርደሪያ ላይ ቢከርም፥ ምስማር በሣጥን ውስጥ ቢቈይ፥ የሚደርሰው ጉዳት የዋጋ መቀነስ ብቻ ነው። ነፍስ ያለው ፍጡር ወይም የእርሱ ቀለብ ሲሸጥ ግን ነገሩ ይለያል፤ የሻጩ አለማወቅ በገዢው ቤት ሞት ሆኖ ይገለጣልና። ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው በአውሮፓና በአሜሪካ ሕፃናት ዘንድ እጅግ የተወደደችው፥ ጊኒ ፒግ የተባለችው ትንሽ እንስሳ ናት።

ስሟ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ከጊኒ አገር አልመጣችም፤ ከአሳማም ወገን አይደለችም። በትውልዷ እንደ አይጥና እንደ ጃርት ከቈርጣሚ እንስሳት ትመደባለች። ጥንተ አገሯ በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የአንዲስ ተራራ ሲሆን፥ ዛሬ ፔሩ፥ ቦሊቪያና ኤኳዶር በሚባሉት አገሮች የነበሩ ሕዝቦች ለሥጋዋ ሲሉ ካላመዷት በሺሕ የሚቈጠር ዘመን አልፏል። በዚያ እስከ ዛሬ «ኩይ» እየተባለች በገጠር ቤቶች ትረባለች፤ በበዓል ቀንም ለማዕድ ትቀርባለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ከተወሰደች በኋላ ግን ለመብል መሆኗ ቀርቶ የቤት ወዳጅ ሆነች።

ሙሉ አካል ያደረሰች ጊኒ ፒግ ከ700 እስከ 1,200 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ በደኅና ከተያዘችም ከ5 እስከ 8 ዓመት ትኖራለች። ስለዚህ ለልጁ ስጦታ አድርጎ የሚገዛት ሰው፥ የአንድ ሳምንት ጨዋታ ሳይሆን የብዙ ዓመት ኀላፊነት መግዛቱን ሻጩ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

ስለ ምግቧ

ዋናው ምግቧ ድርቆሽ ነው። ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ማደግ ስለማያቆሙ፥ ሣር በማኘክ ካልተፋጩ ይረዝሙና መብላት ይከለክሏታል፤ ሆዷም ያለ ሻካራ ሣር በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ሻጋታ የሌለበት ንጹሕ ድርቆሽ ቀንና ሌሊት ከፊቷ ሊለይ አይገባም። አልፋልፋ የተባለው ሣር ግን ካልሲየም ስለሚበዛበት ለግልገሎችና ለእርጉዞች ካልሆነ በቀር አይመከርም፤ ለአዋቂዎቹ ቢዘወተር በፊኛቸው ውስጥ ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው የቪታሚን ሲ ነገር ነው። አብዛኞቹ እንስሳት ይህን ቪታሚን በገላቸው ውስጥ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ጊኒ ፒግ ግን እንደ ሰው ልጅ ከምግቧ ካላገኘችው ሌላ መንገድ የላትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. አክሴል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሬሊክ የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት፥ እህል ብቻ የተመገቡ ጊኒ ፒጎች በጥንት መርከበኞች ላይ ይደርስ የነበረው ስከርቪ የተባለው በሽታ እንደሚይዛቸው አስታወቁ። ይህም ምርመራ ቪታሚን ሲ ወደ መታወቅ ካደረሱት ሥራዎች አንዱ ሆነ።

እንስሳዪቱ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቷ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ ያስፈልጋታል። ይህን ያጣች እንደ ሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠጕሯ ይከረዳል፥ መገጣጠሚያዎቿ ያብጣሉ፥ መራመድም ትጠላለች፤ ካልታከመችም ትሞታለች። መከላከያው ግን ቀላል ነው። የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ ጥቂት ቢሰጣት ይበጃታል፤ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልም እየለዋወጡ በመጠኑ መጨመር መልካም ነው። ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ድንችና አቮካዶ ግን ከቶ አይሰጧትም። ቪታሚኑን በመጠጥ ውሃዋ ውስጥ መበጥበጥም አይመከርም፤ በውሃ ውስጥ ቶሎ ኀይሉን ያጣልና፥ ጣዕሙም ተለውጦ መጠጣት ሊያስተዋት ይችላል።

ለአስመጪና ለባለመደብር

የነጋዴው ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው ደቃቅ እንክብል መኖ፥ ለጊኒ ፒግ ተብሎ የተሠራ እንደ ሆነ ቪታሚን ሲ ተጨምሮበታል። ነገር ግን ቪታሚኑ በሙቀት፥ በብርሃንና በእርጥበት እየጠፋ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር መኖው በፋብሪካ ከተዘጋጀበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ነው፤ እንዳይጠፋ ተደርጎ የተዘጋጀው ዓይነት ግን ከዚህ ይበልጥ ይቈያል። እንግዲህ አንድ አስመጪ ያዘዘው መኖ 40 ቀን በጕዞ፥ 20 ቀን በጉምሩክ መጋዘን፥ 30 ቀንም በመደርደሪያ ላይ ቢቈይ፥ ገዢው ከረጢቱን በሚከፍትበት ቀን 90ው ቀን ሞልቷል። ከረጢቱ አልተቀደደም፥ መኖውም አልሻገተም፤ እንስሳዪቱ ግን ሆዷ እየጠገበ በረኀብ ትታመማለች።

ሌላው ስሕተት የጥንቸል መኖ ለጊኒ ፒግ መሸጥ ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ፥ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን መስጠት ለባለሱቁ ቀላል ነገር ይመስለዋል። ጥንቸል ግን ቪታሚን ሲን ራሷ ስለምትሠራ በመኖዋ ውስጥ እንዲጨመር አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት አስተዋይ ነጋዴ ሲያዝ የሚያበቃበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትንም ቀን ይጠይቃል፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ከማስመጣት ጥቂት ጥቂቱን ያስመጣል፤ ቀድሞ የገባውን አስቀድሞ ይሸጣል፤ መጋዘኑም ቀዝቃዛና ደረቅ እንዲሆን ያደርጋል።

ስለ ማደሪያዋ

ጊኒ ፒግ ብቻዋን መኖር አትወድም። የስዊስ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ያለ ጓደኛ እንዳትያዝ እስከ መከልከል ደርሷል። ለሁለት የሚሆን ማደሪያ ቢያንስ 0.7 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፤ ወለሉም እግራቸውን እንዳያቈስል ሽቦ መሆን የለበትም። ከጥድና ከመሰል መዓዛ ካላቸው እንጨቶች የወጣ ፍቅፋቂ ለመተንፈሻ አካላቸው ስለማይስማማ ለምንጣፍነት አይጠቅምም፤ የወረቀት ብጥስጣሽ ወይም ድርቆሽ ይሻላል። የሚስማማቸው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነውና፥ ቀጥተኛ ፀሐይ በሚመታው የመደብር መስኮት ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ከጥንቸል ጋር አንድ ላይ ማኖርም አይገባም፤ ጥንቸል ሳትታመም የምትሸከመው ተውሳክ ለጊኒ ፒግ የሳንባ በሽታ ይሆንባታልና።

ወንዱንና ሴቲቱን ለይቶ መሸጥም የሻጩ ግዴታ ነው። ወንድ ግልገል ገና በ3 ሳምንቱ ከእናቱ መለየት አለበት። ሴቲቱ ከ6 ወይም ከ7 ወር ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታረግዝ፥ የዳሌዋ አጥንት ስለሚገጥም በምጥ ልትሞት ትችላለች። ተሳስቶ ጥንዱን «ሁለቱም ሴቶች ናቸው» ብሎ የሸጠ ሰው ይህን አደጋ አብሮ መሸጡን ይወቅ።

ስለ ሕመሟና ስለ መድኀኒት

ጊኒ ፒግ ሕመሟን ትሰውራለች። ስለዚህ በየሳምንቱ በሚዛን መመዘን ከሁሉ የሚሻል ምርመራ ነው፤ ክብደቷ በተከታታይ ከቀነሰ አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። መብላት ያቆመች እንደ ሆነ ነገ ትበላ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለባት። ለሰው የታዘዘ መድኀኒት ከቤት አንሥቶ መስጠት ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። ለሰው ፈውስ የሆኑት ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን በአፏ ቢሰጧት፥ በአንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተውሳኮች አጥፍተው ይገድሏታል።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ከአንድ ኪሎ ብዙ ለማትበልጥ እንስሳ የበዛ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሞተችባት ልጅ ታለቅሳለች፤ አባቷም ምክንያቱን ሲያጣ ወደ ገዛበት መደብር ተመልሶ አይሄድም። ከእንስሳዪቱና ከመኖዋ ጋር ይህን ምክር በአንዲት ቍራጭ ወረቀት ጽፎ የሚሰጥ ነጋዴ፥ የወረቀቱ ዋጋ እጅግ ጥቂት ሲሆን የሚያተርፈው ደንበኛ ግን ለብዙ ዓመት ነው።