ስሙን ወይስ ድምፁን? ኤሌክትሪክ ጊታር እንደየኪስ አቅም

በስደት ዓለም ገንዘብ ሲገኝ ባለቤቱ ብዙ ነው። የቤት ኪራዩ፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ ለዕቁብ የሚጣለው፣ አገር ቤት ለወላጅ የሚላከው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ አንድ ሰው ለራሱ፣ ለልጁ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን ኤሌክትሪክ ጊታር ልግዛ ብሎ ሲነሣ፣ ያ ገንዘብ በስንት ሰዓት ሥራ እንደተገኘ እሱ ያውቀዋል። መደብር ሲገባ ግን ግራ ይጋባል። ቅርፃቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆኑ ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን ተሰቅለው የአንደኛው ዋጋ 300፣ የሌላው 2,000 ዶላር ሆኖ ያገኘዋል።

ስሕተት በሁለት በኩል ይመጣል። አንዱ ታላቅ ስም ብቻ አይቶ ከአቅሙ በላይ በክሬዲት ካርድ ይገዛና ወለዱን ሲከፍል ይኖራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሌላው ደግሞ ወጪ ልቀንስ ብሎ ስሙ የማይታወቅ ጊታር በ100 ዶላር ለልጁ ይገዛል። ክሩ ከአንገቱ ርቆ ስለተወጠረ ጣት ያቆስላል፤ ቅኝቱ ለአንድ መዝሙር እንኳ አይጸናም። ልጁም «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብሎ በሦስት ወሩ ይተወዋል፤ ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ነበር።

ከሁለቱም ስሕተት ለመዳን ገዢው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ስሙ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያመለክት፣ ጊታሩ የት እንደተሠራ፣ ከጊታሩም ሌላ ምን ወጪ እንዳለ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ ስሞች

በአሜሪካ ገበያ ላይ ከሚገኙት ስሞች ሁሉ ገዢው ደጋግሞ የሚሰማው ፌንደርን፣ ጊብሰንን እና ፖል ሪድ ስሚዝን ነው።

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሆኖም በ1951 ቴሌካስተር የሚለውን ስም ያገኘውን ጊታር፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ለገበያ አቀረበ። በእነዚህ ጊታሮች ላይ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በቪቴ ነው፤ ቢጎዳ ተፈትቶ ይለወጣል። ከክሮቹ በታች የሚገኘውና ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ የሚባለው ክፍል በአብዛኛው አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ያለው ነው። በዚህም ምክንያት ድምፁ ጥርት ያለ ሲሆን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል። ጉዳቱ፣ ኒዮን መብራት በበዛበት አዳራሽ ውስጥ እዝ የሚል ድምፅ መጨመሩ ነው።

ጊብሰን በሚሺጋን፣ በካላማዙ ከተማ በ1902 የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ሌስ ፖል የተባለውን ጊታር በ1952 አወጣ። የዚህ አንገት የሚያያዘው በኮላ ነው። ሴት ላቨር የተባለው የኩባንያው መሐንዲስ ሁለት ጥቅል ሽቦ አጣምሮ እዝታውን የሚያጠፋ ፒክአፕ ሠራ። ይህ ሀምበከር የተባለው ፒክአፕ ከ1957 ጀምሮ በሌስ ፖል ላይ ተገጠመ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲለቀቅም ረዘም ብሎ ይቆያል። ጉዳቱ ደግሞ ጊታሩ ከባድ መሆኑ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርግ ለሚጫወት ሰው ትከሻ ይፈትናል። የአንገቱ ራስ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነም ከወደቀ በቀላሉ ይሰበራል።

ሦስተኛው፣ ፖል ሪድ ስሚዝ፣ በ1985 በሜሪላንድ፣ በአናፖሊስ ከተማ የተመሠረተ ነው። ፋብሪካው ዛሬ የሚገኘው እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ በስቲቨንስቪል ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። የዚህ ጊታር ጠባይ በሁለቱ መካከል ነው። የሚንዘረዘረው የክሩ ርዝመት በፌንደር 25.5 ኢንች፣ በጊብሰን 24.75 ኢንች ሲሆን በፖል ሪድ ስሚዝ 25 ኢንች ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጣት ግን ያውቀዋል። ክሩ አጠር ሲል ላላ ስለሚል ለመግፋት ይቀላል።

ይህ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ትርጉም አለው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጊታር የሚጫወት ሰው ክሩን መግፋትና ጣቱን ማንሸራተት ይበዛበታል። እንደ ክራር ጥርት ብሎ የሚነቀል ድምፅ የሚፈልግ የፌንደርን ዓይነት ይሞክር። እንደ ሳክስፎን ተጎትቶ የሚያለቅስ ድምፅ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ጊብሰን ዓይነት ቢያዘነብል ይሻለዋል። ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች ውስጥ የተጫወተውን ጊታር ብዙ ሰው ከካሴት ሰምቶ ለይቶ ያውቀዋል፤ የመሣሪያውን ስም የሚጠይቅ አድማጭ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርጫው ከድምፁ ይጀምር፤ ዋጋው ቀጥሎ ይመጣል።

አንድ ቅርፅ፣ ብዙ ፋብሪካ

ሁለት ተመሳሳይ ጊታሮች በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁበት ዋናው ምክንያት የተሠሩበት ቦታ ነው። ፌንደር ውድ የሆኑትን በካሊፎርኒያ፣ በኮሮና ከተማ ይሠራል። መካከለኞቹን ከድንበሩ ባሻገር በሜክሲኮ፣ በኤንሴናዳ ይሠራል። ርካሾቹን ደግሞ ስኳየር በሚል ስም በቻይናና በኢንዶኔዥያ ያሠራል። ስኳየር በመጀመሪያ የክር አምራች ነበር፤ ፌንደር በ1965 ገዝቶት ስሙን በጊታር ላይ መጻፍ የጀመረው በ1982 ነው።

የጊብሰን ታናሽ ወንድም ኤፒፎን ነው። የዚህ ስም ታሪክ የስደተኛ ታሪክ ነው። አናስታሲዮስ ስታቶፑሎ የተባለው ግሪካዊ በሰምርኔስ ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ በ1903 ቤተሰቡን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ልጁ ኤፓሚኖንዳስ፣ በቁልምጫ ስሙ ኤፒ፣ ሥራውን ወርሶ ስሙን «ፎን» ከሚለው፣ በግሪክኛ ድምፅ ማለት ከሆነው ቃል ጋር አጣመረው። ኤፒፎን ለብዙ ዓመታት የጊብሰን ተቀናቃኝ ነበር፤ በ1957 ግን በጊብሰን እጅ ገባ። ዛሬ አብዛኛው ኤፒፎን የሚሠራው በቻይና ነው። ፖል ሪድ ስሚዝም «ኤስ ኢ» የሚል ምልክት ያለበትን ርካሹን ኤሌክትሪክ ጊታር በአብዛኛው በኢንዶኔዥያ ያሠራል።

በቀድሞ ጊዜ በእነዚህ ደረጃዎች መካከል የነበረው የጥራት ልዩነት ሰፊ ነበር። ዛሬ እንጨቱን የሚቆርጠው በየአገሩ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ስለሆነ ልዩነቱ ጠቧል። የቀረው ልዩነት በፍሬቶቹ ጫፍ አሞራረድ፣ በፒክአፑ፣ በመቃኛ ቁልፎቹ፣ በቨርኒሹና ከፋብሪካው ከመውጣቱ በፊት በሚደረገው ቁጥጥር ላይ ነው። ከነዚህም ፒክአፑንና መቃኛውን በኋላ መለወጥ ይቻላል። «ፕሪሚየም» በሚለው ቃልም መታለል አይገባም። ለምሳሌ የጃፓኑ አይባኔዝ «ፕሪሚየም» ብሎ የሚጠራቸውን በኢንዶኔዥያ ያሠራል፤ በጃፓን የሚሠሩትና ዋጋቸው የሚበልጠው «ፕሬስቲጅ» የሚባሉት ናቸው።

ኪስና ምርጫ

ዋጋ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የቀረጥ ጭማሪም ይነካዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው በአሜሪካ መደብሮች በቅርብ ዓመታት የታየ ግምት ነው፤ የሽያጭ ታክስ አልተጨመረበትም።

በጠቅላላው 500 ዶላር ያለው። ገንዘቡን ሁሉ በጊታሩ ላይ አያውለው። 300 ዶላር ገደማ ለጊታሩ፣ ከ100 እስከ 150 ለትንሽ አምፕሊፋየር፣ የቀረውን ለማስተካከያ፣ ለክርና ለማንገቻ ይመድብ። የያማሃ ፓሲፊካ፣ የስኳየርና የኤፒፎን ቀላል ሞዴሎች በዚህ ዋጋ አካባቢ ይገኛሉ። ለጀማሪ ልጅ ይህ በቂ ነው፤ ወላጅ በዚህ ሊያፍር አይገባም።

ለጊታሩ ብቻ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ያለው። አብዛኛው ሰው ሊቆም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የኤፒፎን ሌስ ፖል ስታንዳርድ፣ የሜክሲኮው ፌንደር፣ የፖል ሪድ ስሚዝ «ኤስ ኢ» በዚሁ ክልል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛሉ። እነዚህ መድረክ ላይ ለመውጣት የሚያበቁ መሣሪያዎች ናቸው። በምግብ ቤት ባንድም ሆነ በመዘምራን ቡድን ውስጥ ማንንም አያሳፍሩም።

ከ1,500 ዶላር በላይ ያለው። የካሊፎርኒያው ፌንደር ከ1,700 እስከ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው። የጊብሰን ሌስ ፖል ስታንዳርድ ወደ 3,000 ይጠጋል። የፖል ሪድ ስሚዝ ዋነኞቹ የሜሪላንድ ሥራዎች ከ4,000 በላይ ናቸው። በየሳምንቱ ተጫውቶ ከሙዚቃው እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ቢገዛ ያስኬዳል፤ ምክንያቱም ቢሸጠው ዋጋውን በደንብ ይዞ ይቆያል፤ ለዓመታትም ያገለግላል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ታዳሚ ግን የ900ውን ከ3,000ው ለይቶ አይሰማም። ታዳሚው የሚሰማው የተጫዋቹን እጅና የአምፕሊፋየሩን ጥራት ነው። ስለዚህ ተጨማሪ 500 ዶላር ያገኘ ሰው ጊታር ከማሻሻሉ በፊት አምፕሊፋየሩን ቢያሻሽል ይጠቀማል።

በማንኛውም ደረጃ የማይታለፍ አንድ ወጪ አለ። አዲስ ጊታር ከመርከብና ከመጋዘን ወጥቶ ሲመጣ አንገቱ ጥቂት መጉበጡ የተለመደ ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት አጥብቆ ወይም አላልቶ፣ የክሩን ከፍታ አውርዶ የሚያስተካክል ባለሙያ ከ60 እስከ 100 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ለልጅ ጣት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። በደንብ የተስተካከለ የ300 ዶላር ጊታር፣ ካልተስተካከለ የ1,000 ዶላር ጊታር ይልቅ ለመጫወት ይመቻል።

ያገለገለ ጊታር

ያገለገለ መግዛት የደኻ መንገድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጊታር እንደ ልብስ ቶሎ አያልቅም፤ በጥንቃቄ የተያዘ ከሆነ ከአዲሱ ዋጋ በብዙ ቀንሶ የአንድ ደረጃ ከፍታ ያስገኛል። ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ይመልከት፦

አንደኛ፣ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ መሃሉን ይይ። በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት የወረቀት ያህል ከሆነ አንገቱ ደኅና ነው። ሁለተኛ፣ ከአንገቱ ራስ በስተጀርባ ስንጥቅ ወይም የኮላ ምልክት እንዳለ ይፈልግ፤ በተለይ ጊብሰን ከሆነ። ሦስተኛ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ቁልፎቹን ሁሉ ያዙር፤ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት ነው። አራተኛ፣ ተከታታይ ቁጥሩን ከኩባንያው ጋር ያመሳክር። የሐሰት ጊብሰን በገበያው ላይ ብዙ ነው። በአንገቱ ራስ ላይ ያለችው የደወል ቅርፅ ያላት ክዳን በእውነተኛው ጊብሰን ላይ የምትታሰረው በሁለት ቪቴ ነው። ሦስት ቪቴ ካለ መጠርጠር ይገባል። 3,000 ዶላር የሚያወጣ ጊታር በ400 ዶላር ተገኘ ከተባለ፣ ጥያቄው እዚያው ላይ ይነሣ።

ለአገር ቤት የሚገዛ ከሆነ

ብዙ ሰው ጊታር የሚገዛው አዲስ አበባ ላለ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው። ጊታሩ ራሱ በአብዛኛው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ አምፕሊፋየሩ ግን ይፈልጋል። በአሜሪካ የሚሸጠው አምፕሊፋየር በአብዛኛው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ከአውሮፓ የሚልክ ሰው ይህ ችግር የለበትም።

በአውሮፕላን ለሚጓዝም የሚጠቅም ሕግ አለ። በ2012 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ ተሳፋሪው ሲገባ ከላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ካለ፣ ጊታር ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ቀድሞ የተሳፈረ ይጠቀማል። የሌላ አገር አየር መንገድ የራሱ ደንብ ስላለው ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ይበጃል። ወደ ሻንጣ ክፍል የሚወርድ ከሆነ ግን ጠንካራ ሣጥን ያስፈልጋል፤ የአንገቱም ራስ ዙሪያው በጨርቅ ይደገፍ። ከጊታሩ ጋር ሁለት ሦስት እሽግ ክር መጨመር ትንሽ ወጪ ነው፤ ለተቀባዩ ግን ትልቅ ውለታ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሊዮ ፌንደር በ1991፣ ሌስ ፖል በ2009 አርፈዋል፤ ስማቸው ግን ዛሬም ገበያውን ይመራል። ስማቸውን ያገኙት ሠርተው ነው፤ ክብር ይገባቸዋል። ለዚያ ክብር ሲል የወር ኪራዩን የሚያዘገይ ስደተኛ ግን ዕዳው ለብቻው ይቀርለታል። አቅሙ የፈቀደለትን ገዝቶ፣ በባለሙያ አስተካክሎ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚለማመድበት ሰው፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚጫወተው ዜማ ይኖረዋል።